የኔታ የሌሉበት ገጽ

ፊደላችን መጀመሪያ የለመደው ድንጋይን ነው። በመሮ የሚወቀር ፊደል ጌጥ አይወድም፤ ቀጥ ያለ እግር፣ ክብ፣ ማዕዘን ይበቃዋል። የአክሱም ቀደምት የድንጋይ ጽሑፎች አናባቢ አልነበራቸውም። ተነባቢዎቹ ብቻ ይደረደሩና ድምፁን አንባቢው ከራሱ ይሞላበታል። በ4ኛው መቶ ዓመት፣ በንጉሥ ዒዛና ዘመን፣ ስማቸው ያልተመዘገበ ሊቃውንት ይህን ለወጡት። ለአናባቢው ሌላ ፊደል አልፈጠሩለትም። ያለውን ፊደል ያዙና እጅና እግር አወጡለት፤ ለካዕብ ከጎኑ ጭረት፣ ለሣልስ ከእግሩ ሥር፣ ለኃምስ ቀለበት፣ ለራብዕ አንዱን እግር ማርዘም። አንድ ፊደል በሰባት መልክ። አዲስ ሳያመጡ አሮጌውን ማናገር ከንድፍ ሥራ ሁሉ ከባዱ ይመስለኛል፤ እነሱ ግን አደረጉት። ሳድስን ግን ወጥ መልክ ሳያስይዙት ቀሩ፤ ሀሁ የሚቆጥር ልጅ የሚደናቀፈውም እዚያው ላይ ነው።

ሌላም የተዉት ነገር አለ፤ ማጥበቅና ማላላትን። «አለ» ብለን ስንጽፍ «ተናገረ» ማለታችን ይሁን «ይገኛል» ማለታችን ፊደሉ አይናገርም። «ገና» በዓል ነው፤ «ገና» ጊዜው አልደረሰም ማለትም ነው። ይህች ትንሽ ጉድለት ከዒዛና ዘመን ተነሥታ እስከ ዛሬው ስልካችን ድረስ አብራን ተጉዛለች። የፊደላችንን ታሪክ የምተርከው የእሷን ዱካ እየተከተልኩ ነው።

ከድንጋይ በኋላ ብራና መጣ። በጎጃም፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው ደጋ፣ በዲማ ጊዮርጊስ፣ በደብረ ወርቅ፣ በመርጡለ ማርያም፣ መጽሐፍ የሚጀምረው ከፍየል ነው። ቆዳው ይነከራል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ጠጉሩና ሥጋው ይፋቃል፣ በድንጋይ ይታሻል። ጸሐፊው ጠርዙን በወስፌ ይወጋና ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ያለ ቀለም መስመር ያሰምራል። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት፣ ከተቆላ እህልና ከቅጠል ያዘጋጃል፤ በቀንድ ያደርገዋል። ብዕሩ መቃ ነው። መቃ ወደ ታች ሲጎተት ይወፍራል፣ ወደ ጎን ሲሄድ ይቀጥናል። ዛሬ በኮምፒዩተር የምናየው ፊደል እግሩ ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን የሆነው ያ መቃ ስላስተማረው ነው። መሣሪያው ከጠፋ በኋላ ልማዱ ቀረ።

የብራናውን ገጽ ልብ ብሎ ላየው፣ እያንዳንዱ ነገር የተቀመጠው ለአንባቢው ታስቦ ነው። በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ይገባል፤ ብራና ውድ ስለሆነ ባዶ ቦታ ማባከን አይቻልም፣ ቃላት ግን መለየት አለባቸው። የእግዚአብሔርና የእመቤታችን ስም በቀይ ይጻፋል፤ ዓይን ገና ሳያነብ አንገት ይጎነበሳል። ሌላው መጽሐፍ በሁለትና በሦስት ዓምድ ሲጻፍ ዳዊት ግን በአንድ ዓምድ ነው፣ አንድ ሐረግ በአንድ መስመር። መስመሩ ካልበቃው ትርፉ ቃል ከበላዩ ወይም ከበታቹ ተጨንቆ ይገባል እንጂ ሐረጉ አይሰበርም። ዳዊት በትንፋሽ የሚደገም መጽሐፍ ነውና መስመሩ የተለካው በትንፋሽ ነው። መጠኑም እንዲሁ፦ በማኅደር ገብቶ በትከሻ የሚንጠለጠል፣ ለመንገደኛ የሚመች።

እንዲህ ለሁሉም ነገር የተጨነቀ ጸሐፊ ጥብቁንና ላላውን ለምን ዝም አለው? መልሱ ከገጹ ውጭ ተቀምጧል። የኔታ ናቸው። ንባብ ቤት ልጁ በስንደዶ ፊደሉን እየጠቆመ ሲያነብ የኔታ መጽሐፉን አያዩም። ይሰማሉ። መጽሐፉ ልባቸው ውስጥ ነው። ልጁ የሚጠብቀውን ሲያላላ፣ የሚነሣውን ሲጥል፣ ከተቀመጡበት ያርሙታል። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ እያሉ ያስጠኑታል። ገጹ ግማሽ መጽሐፍ ነው፤ ሌላው ግማሽ አጠገቡ የተቀመጡት ሰውዬ ናቸው።

ጎጃም ደግሞ የቅኔ አገር ነው፤ ቅኔ ቤት ገብቶ ይህን ጉድለት ጉድለት የሚለው የለም። አንድ ቃል ላልቶ ሰም፣ ጠብቆ ወርቅ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጥብቁ ምልክት ቢደረግበት ወርቁ ገና ሳይፈለግ ይወጣል፤ ተማሪው ሌሊት የሚያድርበት ነገር ያጣል። ምልክት አለማድረግም አንድ ንድፍ ነው።

ምልክት አያውቁም ነበር እንዳይባል፣ ያውቃሉ። በ16ኛው መቶ ዓመት የዜማ ሊቃውንት ለቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክት አበጁ፦ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት። ከነዚህ ጋር ከዜማው ቃል የተቀነጨቡ ጥቃቅን ፊደላት ከመስመሩ በላይ ይጻፋሉ። በፊደል ራስ ላይ ትንሽ ነጥብ ማሳረፍ ለዚህ አገር ዓይን እንግዳ አልነበረም ማለት ነው። አማርኛም ሲጻፍ፣ ግዕዝ የሌሉት ድምፆች ሲያስቸግሩ፣ መላው እንዲሁ ከራስ ላይ መጣ። ሰ ላይ ሰረዝ ሲደረግ ሸ፣ ተ ላይ ቸ፣ ነ ላይ ኘ፣ ዘ ላይ ዠ፣ ደ ላይ ጀ። ዘመዱን ከነቤተሰቡ ያወቀ ልጅ አዲሱን በአንድ ቀን ይለየዋል። 26ቱ የግዕዝ ፊደል እነዚህና መሰሎቻቸው ተጨምረውበት በአማርኛ 33 ሆነ፤ በሰባት ሲባዛ 231።

ይህ ቁጥር ብዙ ሰው ያስለቀሰው ማተሚያ ከመጣ በኋላ ነው። መጀመሪያ የደረሰውም እዚህ ሳይሆን ሮም ላይ ነበር። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ቄስ ሮም ውስጥ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሲጸልዩ ሰማ፤ ቋንቋውን ከነሱ ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። በግዕዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይኸው ነው። የቋንቋውን ስም ግን ተሳስቶ ከለዳዊ ብሎታል። ከ35 ዓመት በኋላ በዚያው በሮም፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ የሐበሾች ቤት የነበሩት አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን ማሳተም ጀመሩ። በመጽሐፉ ውስጥ አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ፊደሉን የሚለቅሙት ሰዎች ግዕዝ ማንበብ አይችሉም፣ እኛ ደግሞ ፊደል መልቀም አናውቅም፣ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ተረዳድተን ሠራነው የሚል ሐሳብ ነው። ባለሙያው ቋንቋውን፣ ባለቋንቋው ሙያውን ሳያውቅ ስለሚሠራ ሥራ ከዚህ የበለጠ የተናገረ አላገኘሁም። በ17ኛው መቶ ዓመት ሂዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ ተምሮ በጀርመን አገር የራሱን የግዕዝ ፊደል አስቀርጾ የአማርኛ ሰዋስው ድረስ አሳተመ። ሁሉም ግን ለአውሮፓ ሊቅ የሚሆን መጽሐፍ ነው፤ ዲማ ያለው ተማሪ በመቃው ቀጠለ።

እኛ ዘንድ ማተሚያ ሥር የሰደደው ዘግይቶ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን «አእምሮ» ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ እየተገለበጠ ለመኳንንቱ ይታደል ነበር። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1914 ዓ.ም. የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን አቋቋሙ። የፈረንጅ ፊደል ለቃሚ ትልቁንና ትንሹን ጨምሮ እጁን የሚያስለምደው ከጥቂት ደርዘን ሣጥን ጋር ነው። የእኛው ከ231 ጋር፣ ሏንና ቧን፣ ቁጥሮቹንና ነጥቦቹን ሳንቆጥር። ፊደሉን እየለቀመ ቆሞ የሚውል ሰው በቀን ስንት እርምጃ እንደሚሄድ አስቡት። ሁለት ነጥብም ቀስ በቀስ ከጋዜጣና ከመጽሐፍ የወጣው በዚህ በኅትመት ዘመን ነው። ወረቀት እንደ ብራና ውድ አይደለም፤ ባዶ ቦታ ነጥቡን ተካው።

ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን በገጹ ላይ አይታይም። አንባቢው ተለወጠ። ጋዜጣ የሚያነበው ጸሐፊ፣ ወታደር፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ አጠገቡ የኔታ የሉም። ግማሹ መጽሐፍ ቀረ፤ ሌላው ግማሽ ይቅር አይቅር ማንም አልጠየቀም።

የጽሕፈት መኪና ሲመጣ ችግሩ ወደ ጣት ወረደ። የፈረንጅ መኪና ቁልፎች ሃምሳ አይሞሉም፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት መልክ ቢይዝ ከመቶ በታች ነው። 231 ፊደል እዚያ ውስጥ አይገባም። ኢንጂነር አያና ብሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት ይህን ሊፈቱ ተነሡ። ኋላ እስከ ኦሊቬቲ ድረስ ለዘለቀው የአማርኛ መኪና መንገዱ የዒዛና ዘመን ሊቃውንት የሄዱበትን ወደ ኋላ መመለስ ሆነ። እነሱ ግንዱ ላይ ቅርንጫፍ ተከሉ፤ መኪናው ቅርንጫፉን ከግንዱ ለየው። ጸሐፊዋ መጀመሪያ ግንዱን ትመታለች፣ ከዚያ ጭረቱን ወይም ቀለበቱን ትለጥፍበታለች። አንዳንዱ ቀለበት ከእግሩ ትንሽ ራቅ ብሎ ይንጠለጠላል። አንዳንዱ ፊደል አንገቱ የተሰበረ ይመስላል። መቃ የሰጠው ውፍረትና ቅጥነት ጠፋ። ነገር ግን የዚህ አገር የሹመት ደብዳቤ፣ የፍርድ ውሳኔ፣ የስንብት ወረቀት ለብዙ ዓመታት የተጻፈው በዚህ መልክ ነው፤ ከሰውም ደብዳቤ በመልኩ የተነሣ አላነብም ያለ አልተሰማም። አራት ነጥብን ለማግኘት ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መምታት የለመድነውም ያኔ ይመስለኛል። ዛሬ በኮምፒዩተር ራሱን የቻለ አራት ነጥብ እያለ ብዙ ሰው አሁንም ሁለት ጊዜ ይመታል።

መኪናው በፊደሉ ልክ ካልተሠራ ፊደሉ በመኪናው ልክ ይሠራ የሚል ክርክር ተነሣ። አንዳንዱ ሀ፣ ሐ፣ ኀን ወደ አንድ እናውርድ አለ፤ ሌላው ሰባቱን መልክ ትተን ለሁሉም አንድ ዓይነት ምልክት እንቀጥል አለ። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ይህን እንደ ፊደል ሞት ቆጠሩት። ሐሳብ ካቀረቡት መካከል ከጣሊያን ጦርነት በፊት ጎጃምን ያስተዳድሩ የነበሩት ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ይገኙበታል።

በራስ እምሩ ጦር ውስጥ አንድ የጎጃም ወጣት መምህር ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ። ደብረ ማርቆስ አጠገብ ጎዛምን ተወልደው፣ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተምረው፣ ወደ አዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቤት የተሻገሩ ሰው ናቸው። ጦሩ ሲፈታ ከራስ እምሩ ጋር ተማረኩ፤ ወደ ኢጣልያ ደሴቶች ተግዘው ዓመታት ታሰሩ። ሲመለሱ ዲፕሎማትና ሚኒስትር ሆኑ። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለዳቸውን አሳተሙ።

የዚያን መጽሐፍ ፍቅር፣ ሞትና ጉዱ ካሣን ሁሉም ያውቃል። በዛብህ ከዲማ እንደወጣም የማያውቅ የለም። ብዙ ሰው ሳያይ የሚያልፈው በፊደሎቹ ራስ ላይ ያለችውን ነጥብ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የፊደል መሻሻልን ከሚደግፉት ወገን ነበሩና በልብ ወለዳቸው ውስጥ በሚጠብቀው ፊደል ላይ ሁሉ አንዲት ነጥብ አስቀመጡ። በእርሳስ ፊደል ለሚሠራ አታሚ ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም፤ 231ዱ ራሱ መከራ ሆኖበት ሳለ ራሱ ላይ ነጥብ ያለበት ሌላ ጭፍራ መጣበት።

እኔ ይችን ነጥብ ባየሁ ቁጥር የሚገርመኝ ያደረጓት የቅኔ ተማሪ መሆናቸው ነው። ላልቶ ሰም፣ ጠብቆ ወርቅ ከሚሆንበት ቤት የወጣ ሰው ምስጢሩን በነጥብ ገለጠው። ክህደት ይመስላል፤ አይደለም። ነጥቧን ያስቀመጡት ለሌላ አንባቢ ነው። መጽሐፉ የሚገባው የኔታ በሌሉበት ቤት መሆኑን ያውቁታል፤ ፋኖስ ሥር ብቻዋን የምታነብ ተማሪ «አለ» ላይ ስትደርስ ማን ያርማታል? ከተቀመጡበት ሆነው ጥብቁን የሚያርሙትን ሽማግሌ ድምፅ አሳንሰው በነጥብ መጠን ገጹ ላይ አኖሩት። ሌላው የፊደል ማሻሻያ ሁሉ የተነሣው ለመኪናው ጣጣ ሲሆን ይህ ለአንባቢው ነው። ከመኪና ጎን ቢሆን ነጥቧ ጭማሪ ጣጣ ናት።

ሌሎች ደራስያን አልተከተሏቸውም። ከእሳቸው በኋላ ነጥቧን ያነሣት የለም ማለት ይቻላል። መጽሐፉን ግን አንድ ያልታሰበ ነገር አገኘው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከው። ማንበብ የማይችለው ገበሬ ሳይቀር የመጽሐፉን ፊታውራሪ መሸሻን በወጋየሁ ጉሮሮ አወቃቸው፤ እስከ ዛሬም ያንን መጽሐፍ ገልጦ ሲያነብ የወጋየሁ ድምፅ የማይሰማው የዚያ ትውልድ ሰው አላገኘሁም። ጥብቁ ጠብቆ፣ ላላው ላልቶ፣ ነጥብ ሳያስፈልግ። የኔታ በሬዲዮ ተመለሱ።

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮምፒዩተር ሲመጣ ፊደሉ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ካሊፎርኒያ ላይ ፍሥሐ አጥላው፣ ኮሎራዶ ላይ ዶክተር አበራ ሞላ፣ ሌሎችም በየቤታቸው የግዕዝ ፊደል በማሽን ላይ እንዲወጣ ደከሙ። ከጽሕፈት መኪናው ሲነጻጸር ትልቅ ድል ነው፤ ፊደሉ እንደገና ሙሉ አካል አገኘ፣ አንገቱ ተቃና። ማሽኑ ግን ለአንድ የፊደል ገበታ የሚሰጠው ቦታ 256 ብቻ ነበር፤ ከዚያም ብዙው ተይዟል። ስለዚህ የእኛን ገበታ ለሁለትና ለሦስት ከፋፍለው አስገቡት፤ እያንዳንዱ ድርጅትም በራሱ መንገድ ከፋፈለው። አንዱ ዘንድ «ሰ» የተቀመጠበት ቦታ ሌላው ዘንድ «ቅ» ነው። በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ ደብዳቤ ያ ሶፍትዌር የሌለው ቢሮ ሲደርስ የፈረንጅ ፊደልና የምልክት ክምር ይሆናል። በፍሎፒ ዲስክ ደብዳቤ ይዞ፣ ፊደሉ ያለበት ኮምፒዩተር ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ የዞረ ሰው ይህን አይረሳውም።

የቁልፉን ነገር ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ሴራ በሚባለው ዘዴ ወደ ድምፅ መለሱት፤ በእንግሊዝኛ ቁልፍ ሁለት ፊደል ተመትቶ አንድ የእኛ ፊደል ይወጣል። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚጽፈው በዚያ ዘዴ ዘመድ ነው። ግንዱን መትቶ ቅርንጫፉን ማስከተል፣ እንደ አያና ብሩ መኪና፤ ልዩነቱ መሰንጠቁ ቁልፉ ላይ ቀርቶ ወረቀቱ ላይ ሙሉ ፊደል መታየቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ 345 ምልክቶች መደበ። ከዚያ ወዲህ «ሰ» በዓለም ላይ በየትኛውም ማሽን «ሰ» ነው። ይህ በጸጥታ ያለፈ ነገር ለአማርኛ የዋለው ውለታ ከብዙ ማተሚያ ቤት ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የተሸጠው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ይዞ ስለመጣ አማርኛ ለመጻፍ የማንንም ሶፍትዌር መለመን ቀረ።

በመካከሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ በዩኒኮድ 4.1 ላይ አንዲት ትንሽ ነገር ገባች። ማጥበቂያ ምልክት። በፊደል ራስ ላይ የምታርፍ፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ጥቃቅን ነጥቦች ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ ካረፉ ሁለት ዓመት አልሞላም ነበር። በ231 ፊደል ላይ ነጥብ መጨመር አታሚን ያስጨንቅ ነበር፤ አሁን ግን አንድ ተጨማሪ ምልክት ብቻ ነው፤ ከየትኛውም ፊደል በኋላ ቢመጣ ራሱ ላይ ይወጣል። «አለ» እና «አለ፟»። አለቀ።

ማንም አይጠቀምባትም ማለት ይቻላል። አብዛኛው የስልክ ቁልፍ ላይ የለችም፤ ካለችም ከሌሎች ቁልፎች ሥር ተደብቃለች። ለጥብቅ የሚጨነቅ አንባቢ እንኳ መኖሯን አያውቅም።

አምበርም ይሁን ቢቸና፣ ከፍርድ ቤት ወይም ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ብዙ ሳይርቅ አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ፕሪንተር ያለው ቤት ይገኛል። ማመልከቻ የሚጻፍበት። እናት ከገጠር ትመጣና የልጇን ነገር ትናገራለች፤ ጸሐፊው ፈጥኖ ይተይባል፣ አራት ነጥቡን ሁለት ጊዜ እየመታ። «ልጄ ይመታል» ብሎ ጻፈ እንበል። ልጁ ደብዳቢ ነው ወይስ ተደብዳቢ? ስክሪኑ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። እናቲቱ ደግሞ ማንበብ አትችልም።

ስለዚህ ከማተሙ በፊት ያነብላታል። አንገቱን ወደ ስክሪኑ ቀለስ አድርጎ፣ ከላይ ከአድራሻው ጀምሮ። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ትሰማለች። «ይመታል» ላይ ሲደርስ አላልቶ ያነባታል።

«ኧረ የኔ ልጅ፣ እሱስ ማንንም አይነካ» ትለዋለች። «ጠበቅ አድርጋት።»

ይስቃል፣ ጥቂት ያስባል፣ ከፊቷ «በጎረቤቱ» የሚል ቃል ይጨምራል፣ ያትማል።